አምስተኛው ተጠሪ

በእናቴ ዝርዝር ውስጥ አምስተኛ ነኝ። እዚህ ስዊድን፣ መስኮቱ ላይ ብርድ ልብስ በሚስማር መትቼ፣ ቀኑን ሌሊት ለማስመሰል እየታገልኩ፣ ሌሊቱን ሙሉ ቆሜ ዳቦ ሳሽግ ያደርኩበት ወገቤ እየጠዘጠዘኝ፣ እንቅልፍ እምቢ ባለኝ ቁጥር የምደጋግመው ይህንኑ ነው። አንደኛ ሙህሲን፣ ሁለተኛ ሙቢና፣ ሦስተኛ የበቆጂዋ አክስቴ ዘመናይ፣ አራተኛ የጢቾው የአጎቴ ልጅ ዘሪሁን፣ አምስተኛ እንደሻው። እንደሻው እኔ ነኝ። ከስሜ ጎን ዝምድና የሚል ቦታ አለ፣ እዚያ ላይ «ልጅ» ይላል። ከላይ ከሙህሲን ስም ጎን ደግሞ «ጎረቤት» ይላል። ሙቢና የሙህሲን ሚስት ናት። ከጎረቤት በኋላ፣ ከጎረቤት ሚስት በኋላ፣ እማዬን በዓመት አንዴ ለጥምቀት ብቅ ብሎ ከሚጠይቃት ከዘሪሁን እንኳ በኋላ፣ እኔ አንድ ልጇ። ልቁም ልተኛ ቁጥሩ ያው ነው፤ ትራሱን አገላብጬ በቀዝቃዛው በኩል እተኛለሁ፣ እሱም ወዲያው ይሞቃል።

የሚያንገበግበኝ ደግሞ ዝርዝሩን የሠራሁት ራሴ መሆኔ ነው። አሰላ፣ እኛ ሰፈር ያለው ዕድር፣ እያንዳንዱ አባል አንድ ነገር ቢደርስበት ማን ቀድሞ እንደሚጠራ፣ ማን እንደሚከተል በተራ ያስመዘግባል። ተጠሪ ይሏቸዋል። ድሮ በወፍራም መዝገብ ነበር፤ የሞተው እየተሰረዘ፣ አዲሱ በኅዳጉ እየተጨመረ፣ ማን ከማን እንደሚቀድም ከጸሐፊዋ ከፅጌረዳ በቀር ማንም የማያነበው መዝገብ። ባለፈው ዓመት ደወለችልኝና፣ እንደሻው አንተ ኮምፒውተር ተምረሃል አይደል፣ እስቲ ይህን ነገር ስልክ ላይ የምናየው አድርግልን አለችኝ። ተምሬያለሁ። አዳማ አራት ዓመት ተምሬ፣ ተመርቄ፣ ፎቶ ተነሥቼ፣ እዚህ መጥቼ ዳቦ ላስቲክ ውስጥ እከታለሁ። ስትጠይቀኝ ግን ደስታዬን ለማን ልንገር፤ ሰፈሬ የፈለገኝ መሰለኝ። ዌብሳይቱን በሁለት ሳምንት ሠራሁላቸውና አበላሸሁት። አንዱ ሠንጠረዥ የአባላቱን ስም ይይዛል፣ ሌላው የተጠሪዎቹን፣ ሦስተኛው ማን የማን ተጠሪ እንደሆነ ያገናኛል፣ በቃ አልኩ። ዳታቤዝ ግን ካልነገሩት በቀር ተራ የሚባል ነገር አያውቅም። ማን ቀድሞ እንደተጻፈ ግድ የለውም፤ ሲጠየቅ እንደመጣለት አውጥቶ ይሰጣል፣ ዛሬ እንዲህ፣ ነገ እንዲያ። የዕድሩ ሊቀመንበር ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ የራሳቸውን ገጽ ቢከፍቱ የመጀመሪያ ልጃቸው ከአማቻቸው በታች ወርዳለች። በማግስቱ ደወሉ። «ስማ እንደሻው፣ ሰው እንደ ገብስ አይዘረገፍም። የሚቀድም አለ፣ የሚከተል አለ።» አሉኝ። ይቅርታ ጋሼ አልኳቸው።

ከዚያ በማገናኛው ሠንጠረዥ ላይ አንድ አምድ ጨመርኩ፣ ስሙን ተራ አልኩት። የሚይዘው ቁጥር ብቻ ነው። ግን ያ ቁጥር የት እንደሚቀመጥ ሁለት ቀን ሙሉ አስቤበታለሁ። በሙህሲን ስም ላይ አይጻፍም፤ ሙህሲን በራሱ ቁጥር የለውም፣ ለአንዱ አንደኛ ሆኖ ለገዛ እናቱ ለእትዬ ፋጡ ሦስተኛ ሊሆን ይችላል። በእናቴም ስም ላይ አይጻፍም። ቁጥሩ የሚቀመጠው በሁለቱ መሀል፣ ሁለቱን በሚያገናኘው ረድፍ ላይ ነው። ይህ ሲገባኝ የምር ባለሙያ የሆንኩ መስሎኝ ብቻዬን ፈገግ አልኩ፣ ሻይ አፈላሁ። ፅጌረዳ ቤት ለቤት እየዞረች ሁሉንም እንደ አዲስ ጠይቃ አስገባችው። እኔም ሥራዬ ሠርቶ እንደሆነ ልይ ብዬ ከመቶ ስልሳ አባል መሀል የማንን ገጽ እከፍታለሁ? የእማዬን። አምስተኛ። መጀመሪያ የኮዱ ስህተት መሰለኝ፤ ቅደም ተከተሉን የገለበጥኩት መሰለኝ፤ አየሁት፣ አልገለበጥኩትም። ለፅጌረዳ ደወልኩ። «አልተሳሳትኩም እንደሻው» አለችኝ፣ «እኔም ገርሞኝ ደግሜ ነው የጠየቅኳቸው። እትዬ ብርቄ፣ ልጅዎን ነው መጨረሻ የማደርገው ብላቸው፣ አዎ፣ እሱን ከሁሉ በኋላ አድርጊልኝ አሉኝ።» ከሁሉ በኋላ። ለምን ብለሽ አልጠየቅሻትም ልላት ፈልጌ አፈርኩ። እማዬንም አልጠየቅኳትም። እሑድ እሑድ እደውላለሁ፣ ደህና ነሽ እላለሁ፣ ደህና ነኝ ትላለች፣ በላህ ትለኛለች፣ በላሁ እላለሁ፣ ከዚያ ቆይ አንዴ ሙህሲን መጣ ትላለች።

ሙህሲን መጣ። ሁልጊዜ መጣ። የሕንፃ ዕቃ ሱቁ ከቤታችን መቶ እርምጃ አይሞላም። በረዶ የሸነቆረውን ቆርቆሮ የቀየረው እሱ ነው፣ የጋዝ ሲሊንደሩን የሚያመላልሰው እሱ ነው፣ እኔ የላክሁላትን ስልክ እንዴት እንደሚነሣ ያስተማራት እሱ ነው፣ የስኳሯንና የግፊቷን መድኃኒት ስም በስልኩ ጽፎ የሚዞረው እሱ ነው። ለዕንቁጣጣሽ ፎቶዋን ላከልኝ። እማዬ ትስቃለች፤ ጥርሷ እስከ ድዷ ታይቶ፣ እኔ ካደግሁ ወዲህ አይቼው የማላውቀውን ሳቅ። መጀመሪያ ደስ አለኝ። ቀጥሎ ፎቶውን ያነሳው ማን እንደሆነ ትዝ አለኝ፤ የምትስቀው ለእሱ ነው። ቀናሁ። በዚህ ዕድሜዬ፣ በሠላሳ ስድስት ዓመቴ፣ የጎረቤት ሰው እናቴን አሳቀብኝ ብዬ ቀናሁ፣ ለፎቶውም መልስ ሳልሰጠው ሦስት ቀን ቆየሁ። አንድ ቀን ደግሞ እንቅልፍ ሲነሣኝ ዳታቤዙን ከፍቼ፣ ሙህሲን የሚለው ስም በስንት ዝርዝር ውስጥ እንዳለ ጠየቅሁት። አሥራ አንድ። አሥራ አንድ ቤት፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም፣ አንድ ነገር ቢደርስብኝ ሙህሲንን ጥሩልኝ ብሏል። እንደሻውስ? አንድ። በዚያችም አንድ መጨረሻ ላይ። ልጅ ሳለን እማዬ ሁለታችንንም በሩ መቃን ላይ እያቆመች ቁመታችንን በከሰል ትለካን ነበር። ቀጥ በል እንደሻዬ፣ ተረከዝህን አታንሣ። የሙህሲን መስመር ሁልጊዜ ከእኔ በሁለት ጣት ይበልጣል። ቤቱ ሁለቴ ቀለም ተቀብቷል፣ መቃኑን ግን አታስነኩብኝ ብላለች አሉ፤ ይህንንም የነገረኝ ሙህሲን ነው።

ሥራ ቦታም ይኸው ነገር ይከተለኛል። ሰላሁዲን የሚባል የጎበሳ ልጅ አለ፣ በማሽኑ በወዲያኛው ጫፍ ሳጥን የሚደረድር። ለሥራ ልንገባ ልብስ ስንቀይር እናቱ ትደውልለታለች፤ እኔን የሚጠራኝ ሰው ስለሌለ እንጂ ስልክስ እኔም አለኝ። ድምፁን ከፍቶ ነው የሚያወራት፣ ግማሽ አማርኛ፣ ግማሽ ኦሮምኛ፤ እሷም ከወዲያ ትቆጣዋለች፣ ጃኬት ለብሰሃል ወይ ትለዋለች። በመጀመሪያው ሳምንት፣ የአርሲ ልጅ ነህ አሉ፣ ና ቤቴ እንብላ ብሎኝ ነበር። ሌላ ቀን አልኩት። ሌላ ቀን እያልኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ። እናቱ ስትደውል ተነሥቼ ከቁምሳጥኖቹ በወዲያ በኩል እቀመጣለሁ። ጥፋቱ ምንድን ነው? ምንም። እናቱ ጃኬት ለብሰሃል ወይ አለችው፣ ጥፋቱ ያ ነው።

በዚያው ልብስ መቀየሪያ ነው አባዬ መሞቱን ያየሁት። አራት ዓመት ሊሆነው ነው። ጓንቴን ከማጥለቄ በፊት ፌስቡክ ከፈትኩ፣ አንድ የክፍሌ ልጅ የነበረ፣ ስሙን እንኳ የረሳሁት ሰው፣ የአባዬን ፎቶ ለጥፎ ነፍስ ይማር ብሏል። ከሥሩ አርባ ሁለት ሰው አሜን ብሏል። አሰላ ላይ ሰዎቹ ገና፣ እንደሻው ብቻውን ነው፣ እንዴት ይነገረው፣ አጠገቡ ሰው ይፈለግ እያሉ ይመካከሩ ነበር አሉ። ደወሉ ጮኸ፣ ማሽኑ ተነሣ፣ ገባሁ፣ እስኪነጋ ዳቦ አሸግሁ። በማግስቱ ለእማዬ እስክደውል ለማንም አልተናገርኩም፤ ለማን እናገራለሁ? አስከሬኑን ከተሸከሙት አንዱ ሙህሲን ነበር። በቪዲዮ አየሁት፤ ግራ ትከሻው ላይ ነው፣ ልጅ የሚይዘውን ቦታ ነው የያዘው። እና አሁን ደግሞ በእማዬም ተራ እሱ አንደኛ፣ እኔ ከሁሉ በኋላ፣ አርባ ሁለት ሰው አሜን ካለ በኋላ ልሰማ ነው? አይሆንም። አንድ ቀን ከአልጋዬ የተነሣሁት ይህን እያልኩ ነው።

ዳታቤዙ በእጄ ነው። አንድን ሰው ከአምስተኛ ወደ አንደኛ ማምጣት ግን ውጪ ለሚያየው እንደሚመስለው አይደለም። አንድ ብሎ መጻፍ ብቻ ከሆነ ሁለት አንደኛ ይፈጠራል፤ ከአንድ እስከ አራት ያሉት ሁሉ መጀመሪያ አንዳንድ ደረጃ መውረድ አለባቸው፣ ያውም ሁሉም በአንድ ጊዜ፣ አለዚያ መሀል ላይ ቢቋረጥ ማን ምን እንደሆነ አይታወቅም። ይህን በደንብ አድርጌ ነው የሠራሁት። ሙህሲን ሁለት፣ ሙቢና ሦስት፣ ዘመናይ አራት፣ ዘሪሁን አምስት። እንደሻው አንድ። ገጹን እንደገና ከፈትኩት፤ ስሜ ከላይ ተቀምጧል፣ ከጎኑ «ልጅ» ይላል፣ አገባቡ ተስተካከለ። ማንን ጎዳሁ? ወረደ እንጂ አልተሰረዘም። እናም ተኛሁ። ለወራት የሸሸኝ እንቅልፍ መጣ፣ ስልኬን ድምፅ አጥፍቼ፣ እንደ ልጅነቴ በሆዴ ተኝቼ፣ ሦስት ሳምንት ሙሉ በየቀኑ ስድስት ስድስት ሰዓት ተኛሁ። አንድ መሆን እንዲህ ያስተኛል ወይ ብዬ ገርሞኛል።

ማክሰኞ ከእንቅልፌ ስነቃ ስልኬ ላይ ሃያ ሦስት ያልተነሣ ጥሪ አለ። ፅጌረዳ፣ ፅጌረዳ፣ ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ፣ ፅጌረዳ። ለፅጌረዳ ደወልኩ። እማዬ ጠዋት ሳትበላ፣ ለደም ምርመራ ብላ፣ ብቻዋን ሆስፒታል ሄዳ ወረፋ ስትጠብቅ ወድቃለች። ቦርሳዋ ውስጥ የዕድሩን ካርድ አገኙና ፅጌረዳ ጋ ደወሉ፤ ምን መድኃኒት ነው የምትወስደው፣ የሚያውቅ ሰው ይምጣ አሉ። ፅጌረዳ ገጹን ትከፍታለች፣ ከላይ እኔ። ወደ ሙህሲን ልትደውል ስትል ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ አስቆሟት። «እናት አንድ ልጇን ካስቀደመች፣ ጎረቤቱንም ዝቅ ካደረገች፣ መሀላቸው አንድ ነገር ገብቷል ማለት ነው። ልጁ ሳይሰማ የተጣላችውን ሰው አልጋዋ ላይ ማምጣት ነውር ነው። ልጁ ይነሣ።» አሏት። ክፋት የላቸውም፤ ተራ ያከበሩ መስሏቸው ነው፣ ራሳቸውም ዱላቸውን ይዘው ሆስፒታል ሄደው አጠገቧ ተቀምጠዋል። የመድኃኒቷን ስም ግን አያውቁም። ፅጌረዳም አታውቅም። የሚያውቀው ሰው ከቤታችን መቶ እርምጃ ርቆ ሚስማር ይመዝናል፣ እኔ ደግሞ ተኝቻለሁ። በመጨረሻ ሙህሲን እንደ ልማዱ በምሳ ሰዓት ሊያያት ሄዶ በሩ ተቆልፎ አገኘው፣ ጎረቤት ጠየቀ፣ ሮጠ። ከወደቀች ሦስት ሰዓት አልፎ ነበር። የመድኃኒቶቹን ስም ነገራቸው፣ መርፌውን ወጓት፣ ነቃች።

«ነቅታለች፣ አይዞህ» አለችኝ ፅጌረዳ። አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጬ የግድግዳውን ማሞቂያ አየሁት። ነቅታለች። ወዲያው ስልኩ እንደገና ጠራ፣ ሙህሲን ነው።

«ኦቦሌሳ» አለኝ። ወንድም ማለቱ ነው፣ ከልጅነታችን ጀምሮ እንዲሁ ነው የሚለኝ። «አልሃምዱሊላህ ደህና ናቸው። አንድ ነገር ግን ልጠይቅህ። እትዬ ብርቄን ምን አስቀይሜያቸው ነው?»

ምን ማለትህ ነው አልኩ፣ እያወቅሁ።

«መዝገቡ ላይ ዝቅ አድርገውኛል አሉ። እሳቸውን አልጠይቅም፣ ታመዋል። ለአንተ ነግረውህ እንደሆነ ብዬ ነው። ባለፈው ጋዙን በአንድ ቀን አዘግይቼባቸው ነበር። በእሱ ይሆን? ከዚያ ሌላ ወላሂ የማውቀው የለኝም።»

ድምፁ ተሰብሯል። ያን ድምፅ አውቀዋለሁ፤ ብርድ ልብሱን መስኮት ላይ ቸንክሬ ለብቻዬ የማወራበት ድምፅ ነው። ዝም ብል ያልፋል፤ ማሽኑ ተሳስቶ ነው ብል ያምነኛል፣ ኮዱን የሚያውቀው እኔ ብቻ ነኝ። እና ለአፍታ፣ አልዋሽም፣ በአንድ ቁጥር እንዲህ መጎዳቱ ደስ አለኝ። ከዚያ ደስታው አስጠላኝ።

«እኔ ነኝ የለወጥኩት» አልኩት። «እሷ አንተን አንደኛ ብላ ነበር። እኔን አምስተኛ። ቀንቼ ነው።»

ከወዲያ በኩል የባጃጅ ድምፅ ይሰማል፣ ሆስፒታሉ በር ላይ ነው መሰለኝ። ይሰድበኛል ብዬ ጠበቅሁ። «ሦስት ሰዓት፣ እንደሻው» አለኝ። «ሦስት ሰዓት ብቻቸውን።» ጋሽ ወልደ ጊዮርጊስ አጠገቧ ነበሩ ብዬ አልተከላከልኩም። «ለእሳቸው አልነግራቸውም። ቆይ ላቅርብልህ» አለና ሲራመድ እሰማዋለሁ፣ የእግሩ ኮቴ፣ በር፣ የሰው ጫጫታ፣ ከዚያ ትንፋሿ።

«እንደሻዬ» ትለኛለች፣ «ያ የዕድሩ ስልክ ተሳስቶ ቀድሞ አንተን ጠርቶ አስደነገጠህ አይደል?»

የለም እማዬ፣ ደህና ነኝ፣ አንቺስ?

«እኔማ ምን እሆናለሁ። ለዚች ልጅ፣ ለፅጌረዳ፣ አስጠንቅቄ ነግሬያት ነበር። እሱን ከሁሉ በኋላ አድርጊልኝ አልኳት። እኔ ስሞት...»

እማዬ ተይ።

«ልጨርስ። አባትህን በስልክ አየኸው። አጠገብህ አይዞህ የሚል ሳይኖር፣ ሳታለቅስ፣ ዳቦ ስታሽግ አደርክ። ያን ቀን የእሱ ሞት ሳይሆን የአንተ ነገር ነው የቆረጠኝ። ስለዚህ መጀመሪያ እዚህ ያለው ይስማ፣ ሙህሲን ይስማ፣ ዘመናይ ትስማ፣ እነሱ ይቻሉት። ከዚያ እናንተ አገር አንድ ሰው ተፈልጎ፣ በርህን አንኳኩቶ፣ ገብቶ ተቀምጦ፣ እጅህን ይዞ ይንገርህ። አንተ ከሁሉ በኋላ፣ ግን ከሰው ጋር።» ደከማት፣ ትንፋሿን ሰበሰበች። «ለመሆኑ እዚያ አጠገብህ ማን አለ? ለፅጌረዳ የአንድ ሰው ስምና ስልክ እሰጣታለሁ ብዬ፣ እጠይቀዋለሁ እያልኩ ሁልጊዜ እረሳለሁ።»

በስልኬ ውስጥ ያሉትን ስሞች አንድ በአንድ አሰብኳቸው። አሠሪዬ፣ የቤት አከራዩ ድርጅት፣ ጥርስ ሐኪም ቤት። አሥራ አንድ ቤት በሚጠራው ሰው ላይ የቀናሁት እኔ፣ አንድ ስም ለእናቴ አጣሁላት። ማጣቴን እንዳትሰማ ቸኮልኩ።

«ሰላሁዲን የሚባል የጎበሳ ልጅ አለ» አልኳት።

«የማን ልጅ?»

አላውቅም። የአባቱን ስም እንኳ አልጠየቅኩትም። ስልኩን ነገ እልክልሻለሁ አልኳት። «እንዳትረሳ» ብላ ስልኩን ለሙህሲን ሰጠችው፤ ከመዝጋቱ በፊት፣ ብርቱካኑን ልላጥልህ ወይስ ራሴ ልብላው ስትለው፣ እሱም ሲቆጣት፣ እሷም ስትስቅ ሰማሁ። ያንኑ ሳቅ። እውነቱን ለመናገር አሁንም ቀናሁ።

ላፕቶፑን ከፍቼ ቁጥሮቹን መለስኳቸው። ሙህሲን አንድ፣ ሙቢና ሁለት፣ ዘመናይ ሦስት፣ ዘሪሁን አራት። ከስሜ ጎን አምስት ብዬ ስጽፍ እጄ ትንሽ ዘገየ፣ ጻፍኩት። አመሻሽ ላይ ወደ ሥራ ሄድኩ። ልብስ መቀየሪያው ውስጥ የሰላሁዲን ስልክ ጠራ፣ እናቱ ናት። ልነሣ ብዬ ነበር፤ ተቀመጥኩ። ጃኬት ለብሰሃል ወይ አለችው፣ ለብሻለሁ አላት፣ አልለበሰም። እስኪጨርስ ጠበቅሁና ስልክ ቁጥሩን ጠየቅሁት። ሁለት ዓመት ሙሉ ሌላ ቀን ሲባል የኖረ ሰው ነው፣ ለምን ፈለግኸው ቢለኝ አይፈረድበትም። እናቴ ናት የፈለገችው አልኩት። ምንም አልጠየቀኝም፤ አባቱ ማን እንደሆኑም ጨምሮ ነገረኝ። ደወሉ ሳይጮህ በስልኬ ገጹን ከፈትኩና ከራሴ ስም ሥር፣ ለእኔ ተጠሪ የሚሆን አዲስ ረድፍ ጨመርኩ። ተራ፣ አንድ። ስም፣ ሰላሁዲን። ዝምድና የሚለው ቦታ ላይ ትንሽ ቆየሁ፣ ከዚያ «ጎረቤት» ብዬ ጻፍኩ።